ባሕሩ ሲጐድል የሚገለጥ የፈረስ ሜዳ

ፈረስ የሚሮጥበት ሜዳ ሁሉ ሣር የለበሰ፥ በአጥር የተከበበ፥ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ስፍራ የሚገኝ ይመስለናል። በአየርላንድ አገር ግን ጧት በውሃ የተሸፈነ፥ ከቀትር በኋላ ፈረስ የሚሮጥበት፥ ማታ ደግሞ ዓሣ የሚዋኝበት ሜዳ አለ። እርሱም ላይታውን በሚባል መንደር ዳር ይገኛል። እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁና ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ። ከዚያ ቀን የማያስመሰግነኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም አልደብቀውም።

አየርላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ ያለች ደሴት ናት። ዝናብዋ ብዙ፥ ሣርዋም ለምለም ስለ ሆነ ሕዝብዋ ፈረስ ማርባትን ከጥንት ጀምሮ ይወዳል። ከዋና ከተማዋ ከደብሊን ተነሥቶ ወደ ሰሜን በባቡር የሚሄድ ሰው ባሕሩን በቀኝ እጁ እያየ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያም ባቡሩ ናኒ የምትባለውን ትንሽ ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ በላይታውን ይቆማል። መንደሩ ትንሽ ነው፤ የፈረሱ ሩጫ ባይኖር ኖሮ በሩቅ አገር ስሙን የሚያነሣው ሰው ባልተገኘም ነበር።

ባሕርን ያላየ ልጅ፥ ሜዳው በውሃ ይሸፈናል ደግሞም ይገለጣል ሲሉት ተረት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ጨረቃ የባሕርን ውሃ ወደ እርስዋ ትስባለች፤ ፀሐይም ከጨረቃ ባነሰ ኃይል ትስበዋለች። ምድርም በራስዋ ላይ ስለምትዞር፥ በብዙ አገር የባሕር ዳርቻ ውሃው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። በጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን አያውቀውም፤ ሐይቅ ከባሕር ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የጨረቃ መሳብ ለዓይን አይታይበትም። በላይታውን ግን ዳርቻው ሜዳማ ስለ ሆነ፥ ውሃው ሲጐድል ሩቅ ይሸሻል፤ በስተ ኋላውም እርጥብና ጠጣር አሸዋ እንደ ተወለወለ ወለል ተዘርግቶ ይቀራል። በደረቅ አሸዋ ላይ ፈረስ ቢሮጥ እግሩ ይሰምጣል፤ እርጥቡ አሸዋ ግን ኮቴውን ይሸከማል። የባሕሩ መሙላትና መጕደል አስቀድሞ በስሌት የሚታወቅ ነውና፥ የውድድሩን ቀንና ሰዓት የሚቈርጡት ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚመለከቱት የባሕሩን ሰዓት ነው። ንጉሥም ቢሆን ያን ሰዓት ሊያዘገየው አይችልም።

በዚህ ስፍራ ፈረስ መሮጥ የጀመረው በ1868 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ። በዚያን ዘመን በአጠገቡ ባለው በቦይን ወንዝ የጀልባ ውድድር ይደረግ ነበር። ውሃው ሲሞላ ጀልባዎቹ ይሽቀዳደማሉ፤ ሲጐድል ደግሞ የተሰበሰበው ሰው እንዳይሰለች ፈረሶች በአሸዋው ላይ ይሮጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ የጀልባው ነገር ተረሳ፤ የፈረሱ ግን ጸና። በ1901 ዓ.ም. የመንደሩ ቄስ ውድድሩን በደንብና በሥርዓት እንዲካሄድ አደረገ።

ቄስንና የፈረስ ሩጫን ምን አገናኛቸው የሚል ልጅ ቢኖር፥ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያንና ፈረስ በሌላም መንገድ ተገናኝተዋል። በ1752 ዓ.ም. በኮርክ አውራጃ ኮርኔሊየስ ኦካላሃንና ኤድመንድ ብሌክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፥ ከበተቫንት ቤተ ክርስቲያን ተነሥተን እስከ ዶነሬል ቤተ ክርስቲያን ማን ይቀድማል ብለው ተወራረዱ። ርቀቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። የተጠረገ መንገድ አልነበራቸውም፤ ካቡንና ቦዩን እየዘለሉ፥ ከሩቅ የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ግንብ ጫፍ ምልክት አድርገው ጋለቡ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ፈረሶች እንቅፋት እየዘለሉ የሚሮጡት ሩጫ ስቲፕልቼዝ ይባላል፤ ስቲፕል ማለት ሾጣጣው የቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው።

በላይታውን ዝላይ የለም። ቀድሞ ፈረሶቹ በአሸዋው ላይ ሩቅ ሄደው፥ ዞረው ይመለሱ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ግን ከባድ አደጋ ደረሰ፤ ፈረሶችም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መዞሩ ቀርቶ ሩጫው በቀጥታ መስመር ብቻ፥ ከ1200 እስከ 1400 ሜትር ያህል ሆነ፤ በአንድ ሩጫም ከ10 ፈረስ በላይ እንዳይገባ ተወሰነ። የድሮው ሩጫ ይበልጥ ያምር ነበር የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ያምር ይሆናል። ነገር ግን ፈረስ አፍ ኖሮት አልዞርም ሊል አይችልምና፥ እኔ ከወሰኑት ሰዎች ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በደብሊን ያረፍሁት በአንድ ወዳጄ ቤት ነበረ። ለመሄድ በተነሣሁበት ጧት የዘጠኝ ዓመት ልጁ ወደ በር ተከትላኝ መጣችና፥ ተጣጥፎ ሊቀደድ የደረሰ የ10 ዩሮ ወረቀት በእጄ አኖረች። «ጋሼ፥ ሲመለሱ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ የቀለም እርሳስ ይግዙልኝ፤ አደራ» አለችኝ። ገንዘቡን ለልደትዋ ከተሰጣት ቈጥባ ያኖረችው ነበረ። እኔም እሺ ብዬ በደረት ኪሴ ከተትሁት።

ከባቡር ወርጄ በደረስሁ ጊዜ ሜዳ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ያየሁት ባሕር ብቻ ነበረ። ከባሕሩ በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ሰፊ መስክ አለ። በመስኩ ላይ ድንኳኖች ተተክለዋል፤ ፈረሶቹ እየዞሩ የሚታዩበት ክብ መንገድም ተከልሏል። ከመስኩ ወደ አሸዋው ደረጃ ይወርዳል፤ ተመልካቹም በደረጃው ላይ ተቀምጦ ያያል። የድንጋይ ሰገነት፥ የወርቅ ቅብ ወንበር የለም። እናቶች ሕፃናት አዝለው፥ ገበሬዎች የጭቃ ጫማቸውን ሳያወልቁ፥ ቆነጃጅትም ባርኔጣቸውን ነፋስ እንዳይወስደው በእጃቸው ይዘው አንድ ላይ ይቀመጣሉ።

ውሃው ቀስ በቀስ ይሸሽ ጀመር። ሰዎችም እግር በእግር ተከትለውት ወረዱ፤ አንዳንዱ እንጨት ይተክላል፥ አንዳንዱ ገመድ ይስባል፥ አንዳንዱም ውሃው የተወውን ጐድጓዳ አሸዋ ያስተካክላል። ባዶ የነበረው ስፍራ ዓይኔ እያየ የፈረስ መንገድ ሆነ። ልጆች ሆይ፥ ከዚያ ቀን ሁሉ እጅግ የወደድሁት ይህን ሰዓት ነው፤ ከሩጫውም ይልቅ ደስ አሰኘኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈረሶቹ ወጡ። እነዚህ የሩጫ ፈረሶች ከአህያና ከበቅሎ ጋር ጭነት የሚጋሩ አይደሉም። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ለፍጥነት ብቻ እየተመረጡ የተዳቀሉ ናቸው። የዘራቸው ሐረግ በአባት በኩል ወደ ኋላ ሲቈጠር ከምሥራቅ አገር ወደ እንግሊዝ ወደ መጡ ሦስት ድንጉላዎች ይደርሳል፤ እነርሱም ባየርሊ ተርክ፥ ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን ይባላሉ። አንዱ ፈረስ 500 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በቀጭን እግሩ ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ፍጥነት ይሮጣል። ሲያርፍ ልቡ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይመታል፤ በሩጫ ጊዜ ግን ከ200 ያልፋል። እጃችሁን በደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ የራሳችሁን ቍጠሩና አስተያዩት።

በአጠገቤ ከዘራ የያዘ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። እንግዳ መሆኔን አይቶ ያልጠየቅሁትን ሁሉ ያስረዳኝ ጀመር። «ልጄ፥ የሐሩን ቀለም ተመልከት» አለኝ፤ «ጋላቢው የሚለብሰው የሐር ሸሚዝ ቀለሙ የራሱ አይደለም፤ የፈረሱ ባለቤት ነው። ከሩቅ ፊት አይለይም፥ ቀለም ግን ይለያል።» በዚህ ጊዜ ባንዲራ ተወዛወዘ፤ ሰዉም ሁሉ ብድግ አለ። መጀመሪያ የታየኝ በአሸዋው ጫፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጥቁር ነጥብ ነበረ። ከዚያም ነጥቡ ተዘረጋ፤ ቀለም አወጣ፤ የኮቴውም ድምፅ በጆሮዬ ሳይሆን በተቀመጥሁበት ደረጃ በኩል መጣ። በፊቴ ሲያልፉ አሸዋና የጨው ውሃ ፊቴን መታኝ። ከመነሣታቸው እስከ መድረሳቸው አንድ ደቂቃ ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል።

በመስኩ ላይ ውርርድ ተቀባዮች ረድፍ ይዘው ቆመዋል። እያንዳንዱ በሰሌዳው ላይ የፈረሶቹን ስም፥ በስሙም አጠገብ ቍጥር ያሳያል። 5 ለ 1 የሚል ቢሆን፥ አንድ ዩሮ ያስያዘ ሰው ፈረሱ ሲቀድም አምስት ዩሮ ትርፍና የራሱን አንድ ይቀበላል፤ ፈረሱ ካልቀደመ ግን ያስያዘው ይቀራል። በሁለተኛው ሩጫ እኔም ከኪሴ የቀረኝን 10 ዩሮ በአንድ ዳማ ፈረስ አስያዝሁ። ዳማው ስድስተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ኖሮ የምጽፈው አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን የተበላ ሰው ልብ ያልተበላ ሰው ልብ አይደለም። ወደ ክቡ መንገድ ተመልሼ በሄድሁ ጊዜ አንድ አምባላይ ፈረስ አየሁ፤ አንገቱ እንደ ጋሻ ጕብጕብ፥ ጋማው የተበጠረ፥ አረማመዱ የሙሽራ ነው። አያቴ አምባላይ ፈረስ ነበረው። ይህ ለመወራረድ ምክንያት እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ምስክር ቈጠርሁት። በደረት ኪሴ ያለውን የልጅቱን ገንዘብ አሰብሁ። «ባገኝ ሁለት ሣጥን ቀለም እገዛላታለሁ» አልሁ በልቤ። እነሆ፥ ሰው በሌላው ገንዘብ ሲደፍር መጀመሪያ የሚያደርገው ለባለገንዘቡ ስጦታ ማሰብ ነው። ሰጠሁና የተጻፈበትን ቍራጭ ወረቀት ተቀበልሁ።

አምባላዩ በሚገባ ሮጠ። እስከ አጋማሹ ሁለተኛ ነበረ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ዳማና አንድ ጥቁር አለፉት፤ አራተኛ ሆኖ ገባ።

ሽማግሌው ፊቴን አይቶ ከደረጃው አንድ እርምጃ ወደ አሸዋው ወረደና በከዘራው ጫፍ አራት መስመር ጫረ። «እነዚህ አራት ፈረሶች ናቸው እንበል፤ ፍጥነታቸውም አንድ ዓይነት ነው። አራት ሰዎች በየፈረሱ 10፥ 10 ዩሮ ቢያስይዙ ስንት ይሆናል?» አለኝ። «40» አልሁት። «ያሸነፈው ሰው በእውነተኛ ዋጋ 40 ሁሉ ይገባው ነበር። ሰሌዳው ግን ሁለት ተኩል ለአንድ ይላል፤ ስለዚህ 25 ትርፍና የራሱ 10፥ በድምሩ 35 ይሰጠዋል። አምስቱ የት ገባ?» ዝም አልሁ። «የትኛውም ፈረስ ቢቀድም አምስቱ የሰውዬው ነው» አለና መስመሮቹን በእግሩ ደመሰሳቸው። እንደ ነገረኝ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደዚህ ሜዳ ሲመጣ ውርርድ ያቆመው በሠላሳ ዓመቱ ነበር። ምን አይቶ እንዳቆመ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። «አባቴ፥ ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት» ብለው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ማየት አላሰኘኝም። ወደ መስኩ ወጥቼ ስዞር አንድ ድንኳን አጠገብ ደረስሁ። ክፍት በሆነው በር በኩል ሚዛን ይታያል። ጋላቢዎች ከሩጫ በፊት ኮርቻቸውን ይዘው ይመዘናሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፈረስ የሚሸከመው ክብደት በዳኞች የተወሰነ ነው። በብዙ ውድድር ለጠንካራው ፈረስ ከባድ፥ ለደካማው ቀላል ይታዘዝለታል። ጋላቢው ከታዘዘው ክብደት ያነሰ እንደ ሆነ፥ የእርሳስ ቍራጭ በኮርቻው ሥር በጨርቅ ይጨመርለታል። ሩጫው ካለቀ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ቀድመው የገቡት ጋላቢዎች ኮርቻቸውን ራሳቸው ፈትተው፥ ተሸክመው፥ ከማንም ጋር ሳይዘገዩ ወደ ሚዛኑ ይመለሳሉ። ይዞ የወጣውን ክብደት ይዞ ያልተመለሰ ጋላቢ፥ በአሥር ክንድ ቀድሞ ቢሆን እንኳ ድሉ ሊሰረዝበት ይችላል። በዚያው ሩጫ አንደኛ የሆነው ወጣት ፊቱ በአሸዋ ተለውሶ፥ እየተነፈሰ፥ በሚዛኑ ላይ ወጣ። መዛኙ ቍጥሩን አየ፤ ከመዝገቡ ጋር አስተያየ፤ ራሱን ነቀነቀና አለፈ። እኔም እጄን በደረት ኪሴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ከድንኳኑ በስተ ኋላ አምባላዩን አገኘሁት። አንዲት ወጣት ልጅ ልጓሙን ይዛ፥ በባልዲ ውሃ እያፈሰሰች ላቡን ታጥብለታለች። ጐኑ ገና ይነፋል። ጆሮውን በእጅዋ መዳፍ ስትይዝለት ዓይኑን ጨፈነ። አራተኛ መውጣቱን እርሱ አያውቅም፤ እርስዋም ያዘነች አትመስልም ነበር። በእርሱ ላይ የተቈጣው እኔ ብቻ ነበርሁ፥ ቍጣዬም ወዲያው አሳፈረኝ። በዚያ አገር ደንብ ጋላቢ ፈረሱን ከተወሰነ ቍጥር በላይ በአለንጋ ቢመታ ይቀጣል፤ አለንጋውም ጫፉ ለስላሳ ነው። እንዲያውም ፈረስ ጨርሶ መመታት የለበትም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ያን ፈረስ ዓይኑን ጨፍኖ ያየ ሰው ከእነርሱ ጋር ለመከራከር ድፍረት አያገኝም።

የመጨረሻው ሩጫ ሲያልቅ ባሕሩ መመለስ ጀምሮ ነበር። ሠራተኞቹ እንጨቱን እየነቀሉ፥ ገመዱን እየጠቀለሉ ወደ ላይ ይሸሻሉ። የኮቴው ምልክት ሁሉ መጀመሪያ ውሃ ቋጠረ፤ ቀጥሎ ዳርና ዳሩ ተናደ፤ ከዚያም ጠፋ። ሽማግሌው በከዘራው የጫረበትን ስፍራ ፈለግሁ፥ አላገኘሁትም።

በደብሊን ጣቢያ በወረድሁ ጊዜ ሱቁ ገና ክፍት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ የቀለም እርሳስ ሣጥን አየሁና አለፍሁ። ቤት ስገባ ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «ሱቁ ተዘግቶ ነበር» ማለት ይቻለኝ ነበር፤ አፌም ለዚህ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ያ መዛኝ በዓይኔ መጣ። «ገንዘብሽን በፈረስ አስይዤ ተበላሁ፤ ነገ ከራሴ እተካልሻለሁ» አልኋት። ጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችኝ። አባትዋም ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር። በኋላ ልጅቱ፥ «ፈረሱን መቱት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፥ አጠቡት» አልኋት።

በማግሥቱ ከወዳጄ ተበድሬ ቀለሙን ገዛሁላት። እርስዋም በዚያው ማታ በትልቅ ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀባች። «ፈረሶቹስ የት አሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ባሕሩ ሞልቷል እኮ» አለችኝ፤ «ወደ ቤታቸው ገብተዋል።»